የአፈር ምርመራ ጎንደር ላይ፦ የእጅ ጉድጓድ ወይስ የማሽን ቁፋሮ?

ጎንደር ላይ ፎቅ ለመሥራት ያሰበ ሰው የአፈር ምርመራ ሲጠይቅ የሚቀርብለት ምርጫ ሁለት ነው፤ በእጅ የሚቆፈር የሙከራ ጉድጓድ ወይም የማሽን ቁፋሮ። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ለሁለተኛው ማሽኑን ማጓጓዙ ብቻ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። እኔ ግን ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ቦታው ሜዳ ነው ወይስ ዳገት፣ ቤዝመንትስ አለው ወይ ብዬ ነው።

ሜዳ ላይ ዋልካ አፈር ከገጠማችሁና ያለ ቤዝመንት ጂ+1 ከሆነ ሐሳባችሁ፣ የእጅ ጉድጓድ አይናቅም። ዋልካው የት እንደሚያበቃ ግድግዳው ላይ በሜትር ይለካል፤ ያልተረበሸ (ቅርጹና እርጥበቱ እንዳለ የተጠበቀ) ናሙናም ተቆርጦ ይወጣል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ላብራቶሪው የእብጠት ምርመራ ይሥራ። የፍሪ ስዌል ውጤቱ (ደረቁ የአፈር ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲገባ ያበጠው መጠን) ከ50 በመቶ ካለፈ አፈሩ ያሰጋል፤ ከ100 ካለፈ ዋልካውን አውጥቶ መጣል ወይም መሠረቱን ከዋልካው በታች ማውረድ ነው። ጉድጓዱ ወደ 1.5 ሜትር ከጠለቀ ግን ግድግዳው ሳይደገፍ ማንንም አታስገቡ።

ዳገት ላይ ነገሩ ይለወጣል። ጎንደር የተቀመጠችበት አለት ባሳልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ባሳልት የሚበሰብሰው በስንጥቆቹ በኩል ስለሆነ ያልበሰበሱ ትልልቅ ድንጋዮች በአፈር ተውጠው ይቀራሉ። ቆፋሪው እንዲህ ያለው ላይ ሲደርስ «አለት አገኘን» ብሎ ዶማውን ያስቀምጣል። ማሽኑም ቢሆን በመዶሻ ምት ብቻ ከሆነ ያሞኛል፦ 63.5 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ ምቱ ሲቆጠር፣ ቁጥሩ ከፍ ያለው አፈሩ ጠንክሮ ሳይሆን ድንጋይ ተመትቶ ሊሆን ይችላል።

የሚያዋጣው አለቱን ቢያንስ 3 ሜትር ሰርስሮ ኮር (እንደ ዱላ ድብልብል ያለ የአለት ናሙና) ማውጣት ነው። የኮር ሳጥኑን ራሳችሁ አስከፍታችሁ እዩ። ከጠንካራው ጥቁር ኮር ሥር ቀይ አፈር ከተከተለ፣ አለት የተባለው በአፈር የተዋጠ ድንጋይ ነበር ማለት ነው። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆኑት ቁራጮች ርዝመት ተደምሮ ከተሰረሰረው ከ25 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ አለቱ ክፉኛ የተሰባበረ ነው።

ቤዝመንት ካለ በማሽን ቁፋሮ ሳይመረመር ግንባታ አትጀምሩ። የከተማ የምድር ውስጥ ባቡር የሚሠሩ መሐንዲሶችን የሚያስጨንቃቸውም ይኸው ድንጋይና ውሃ ነው። የዋሻ መቆፈሪያው ማሽን ግማሹ አለት፣ ግማሹ ለስላሳ አፈር ሲገጥመው ጥርሱ ይሰበራል፤ በለስላሳው በኩል አፈሩ ከሚገባው በላይ ይወጣና ላይኛው መንገድ ይሰምጣል። ጀርመን ኮሎኝ ላይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 2009 የከተማዋ ቤተ መዛግብት ከባቡሩ ጉድጓድ አጠገብ ተደርምሶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ምርመራው እንዳሳየው የጉድጓዱ ግድግዳ ሲቆፈር መንገድ ላይ የነበረ ድንጋይ በአግባቡ ስላልተነሳ ግድግዳው ቀዳዳ ቀረበት፤ ውሃው በዚያ በኩል አሸዋውን ይዞ ገባ።

ስለዚህ ቁፋሮው ሲያልቅ የተበሳሳ ቱቦ ቅበሩበትና ውሃውን እስከ ክረምት ለኩ። የካቲት ላይ የደረቀ ጉድጓድ ስለ ነሐሴ አይመሰክርም።

ሳይቆፈር መሬቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየተላከ የሚሠራው የገጽ ላይ ልኬት ለትንሽ ቦታ ብቻውን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዝለሉት።

ዋጋ ስታወዳድሩ የአፈሩና የአለቱ ሜትር ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ውሉ ላይ ጥልቀቱ «ማሽኑ እምቢ እስኪል» ተብሎ ከተቀመጠ አስቀይሩት፤ አንድ ድንጋይ እምቢ ሊያሰኘው ይችላል።