412 የአይሪሽ ዘፈን በአንድ ፍላሽ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጀበና ቡና ነው የምሸጠው። ስድስት በርጩማ፣ አንድ ረከቦት፣ አንዲት ትንሽ ስፒከር፣ ሌላ የለኝም። ጥቅምት ላይ የስፒከሯ ፍላሽ ተበላሸብኝና መነኻሪያ አካባቢ ካሉት ዘፈን ጫኞች ወደ አንዱ ሄድኩ። ሱቁን በስም አልጠራውም፤ የልጁ እንጀራ ነው፣ እኔም የማማርርበት ነገር አለኝ።

ፍለጋዬ ዌስትላይፍ የሚባሉትን ዘፋኞች ብቻ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ልጆች በመጡ ቁጥር "እቴ፣ ማይ ላቭ የለሽም?" እያሉ አሰልችተውኛል። ልጁ ኮምፒውተሩን ጎርጎር አደረገና "ማዘር፣ ዌስትላይፍ እኮ አይሪሽ ናቸው፣ የአየርላንድ ልጆች። ሙሉ የአይሪሽ ፎልደር አለኝ፣ ጠቅልዬ ልጫንልሽ?" አለኝ። ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ከነመጫኛው 450 ብር፣ 412 ዘፈን። አሁን ሦስት ወር ሞላኝ፤ ከጠዋት አንድ ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ስለምከፍተው ያልሰማሁት የለም። የማላውቀውን ልጄ ከስልኩ እያነበበ ይነግረኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

መጀመሪያ ጥፋቱን ልናገር። ግማሹ ዘፈን ስም የለውም፤ "ትራክ 01"፣ "ትራክ 02" እያለ ይሄዳል፣ አምስት "ትራክ 07" ቆጥሬያለሁ። ሰላሳ የሚሆኑት መሃል ላይ ይቆረጣሉ፤ ዘፋኟ አፏን ከፍታ ሳለ ጸጥ ይላል፣ ደንበኛው መብራት የሄደ እየመሰለው ቀና ይላል። አይሪሽ ያልሆነም ተቀላቅሏል። ኤድ ሺረን ስለ ጎልዌይ ልጅ ስለዘፈነ ብቻ ገብቷል፤ ጎልዌይ የአየርላንድ ከተማ ናት፣ ሰውየው ግን እንግሊዛዊ ነው። ዶን ዊሊያምስም አለበት፣ የቴክሳሱ! እሱን እንኳን አልተቀየምኩም። ዶን ዊሊያምስን ማን ይጠላል?

ዌስትላይፍ እንደተጠበቀው ነው። በ1998 የተቋቋሙ፣ ሦስቱ ስላይጎ ከምትባል ከተማ፣ ሁለቱ ከደብሊን። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ነጠላ ዘፈኖቻቸው እንግሊዝ አገር ተከታትለው አንደኛ ወጥተዋል። ለኔ አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግረኛል፤ ሁሉም ቀስ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ዜማው አንድ እርከን ከፍ ይላል። መድረክ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይዘፍኑና ዜማው ከፍ ሲል አብረው ብድግ ይላሉ። ተማሪዎቹ ይህን ያውቃሉ። አንድ ቅዳሜ አራቱ በኔ በርጩማ ተቀምጠው ያቺን ቦታ ጠበቁና ብድግ ሲሉ ረከቦቱን መቱት። ሁለት ስኒ ተሰበረብኝ። ከፍለዋል፣ አልዋሽም።

ጠዋት ከሰሉ ገና ሳይያያዝ የምከፍተው ኤንያን ነው። ዶኔጋል ውስጥ ጉዊዶር ከሚባል አገር ናት፤ እዚያ ብዙው ሰው የሚነጋገረው በእንግሊዝኛ ሳይሆን በራሳቸው በአይሪሽ ቋንቋ ነው። ወንድሞቿና እህቷ ክላናድ የሚባል ባንድ ነበራቸው፣ እሷም ጥቂት ጊዜ አብራቸው ነበረች። በ1988 "ኦሪኖኮ ፍሎው" አንደኛ ወጣላት። የራሷን ድምፅ ደጋግማ ትቀዳና አንዱን በሌላው ላይ ትደርበዋለች፤ ብቻዋን ሆና እንደ ማኅበር ትሰማለች። በኅዳር ብርድ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ከእጣን ጭስ ጋር ይስማማል። አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከበሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁና "ልጄ፣ ይህ የየትኛው ደብር ማኅሌት ነው?" አሉኝ። ዘፈን ነው ብዬ ማሳፈር ከበደኝ። "የሩቅ አገር ነው አባቴ" አልኳቸው።

ከፍላሹ ሁሉ ግን ልቤ የቀረው ያልጠየቅኩት ላይ ነው። ቺፍተንስ ይባላሉ፣ በ1962 ደብሊን ላይ የተመሠረቱ፣ የአገራቸውን የቆየ ዜማ በአብዛኛው በመሣሪያ የሚጫወቱ። መሪያቸው የነበረው ፓዲ ሞሎኒ የሚጫወተውን ድምፅ መጀመሪያ ስሰማው ዋሽንት ነው፣ አይ ማሲንቆ ነው፣ አይ ሰው ነው የሚያንጎራጉረው እያልኩ ስከራከር ከረምኩ። ልጄ ቪዲዮውን አሳየኝ። ሰውየው ተቀምጧል፤ በአንድ ክንዱ ስር አቅማዳ የመሰለ ከረጢት፣ በሌላው ክንዱ ስር ወናፍ አለ። በአፉ ምንም አይነፋም። በክርኑ ወናፉን ይጫናል፣ ነፋሱ ወደ ከረጢቱ ይገባል፣ ከዚያ ጣቶቹ ቧንቧው ላይ ይሠራሉ። ከስር አንድ የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ አለ፣ ልክ ዜማ መሪው ሲያዜም ሌላው እንደሚያጅበው። የአንኮበር ሰው የሆነ አንድ ደንበኛዬ ቪዲዮውን አይቶ "አጎቴ በዚህ ማረሻ ይቀጠቅጡበት ነበር፣ እነዚህ ዘፈኑበት?" ብሎ ሳቀ። ከበሮአቸውም የፍየል ቆዳ ነው፤ ክብ ወንፊት ይመስላል፣ በአንድ እጅ ተይዞ በትንሽ እንጨት ይመታል። አየርላንዶች አርማቸው ላይ ያደረጉት ደግሞ የኛን በገና የሚመስለውን ሃርፕ ነው፤ ሳንቲማቸው ላይ ሳይቀር አለ። ቺፍተንስ ሲከፈት ተማሪዎቹ ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ፣ ከመንዝ በግ ይዘው የመጡት ሰዎች ግን ሁለተኛ ስኒ ያዛሉ። ለንግድ ይህን ልብ በሉ።

ሽፍታ ለሚወድ የሸዋ ሰው ደግሞ ቲን ሊዚ የሚባል ባንድ አለ። ጫኙ ልጅ "ሜታሊካ" ብሎ ስም የሰጠው "ዊስኪ ኢን ዘ ጃር" የነሱ ነው፣ የ1972ቱ፤ የአሜሪካኖቹ ባንድ ሜታሊካ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው የዘፈነው። ዜማው ራሱ ባለቤቱ የማይታወቅ የጥንት ነው። ሽፍታው ተራራ ላይ ሻምበሉን ይዘርፋል፣ ገንዘቡን ለወዳጁ ያመጣል፣ እሷ ትከዳዋለች። ዘፋኙ ፊል ላይኖት ጥቁር ነው፤ እናቱ አይሪሽ፣ አባቱ ከጉያና። ተማሪዎቹ አላመኑኝም ነበር፣ ፎቶውን አሳይቼ አንድ ቡና በላሁባቸው።

ዩቱን በቀን ሞቅ ሲል እከፍታለሁ። በ1976 ከአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ተነሥተው ዛሬም አብረው ናቸው። ጊታሩ ደስ ይላል፣ ዘፋኙ ቦኖ ግን አንዳንዴ ስብከት ያበዛል። እናቴ ታሪኩን ስነግራት ነው ጆሮ የሰጠችው። በ77 ድርቅ (ይህ የኛ አቆጣጠር ነው) የእርዳታ መኪና ሌሊቱን ሙሉ በዚህ በደሴ መንገድ ሲያልፍ ትሰማ ነበር። ያን ጊዜ ለድርቁ እርዳታ ዘፋኞችን ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ ቡምታውን ራትስ የሚባል የአይሪሽ ባንድ ዘፋኝ ነው፤ ትልቁ ኮንሰርት የተደረገው ጁላይ 13 ቀን 1985 ነው፣ ዩቱም ተጫውተዋል። ከዚያ በኋላ ቦኖ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ወሎ፣ አጅባር፣ መጠለያ ውስጥ አንድ ወር ያህል ሠርቷል። እናቴ "እንግዲያስ እሱን አትቁረጪበት፣ ይጨርስ" አለች። ጌልዶፍ ያሰባሰባቸው ዘፋኞች የገና ዘፈንም ፍላሹ ላይ አለ፣ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን እያለ የሚጠይቀው። ታኅሣሥ 29 ጠዋት ሳላስበው ተከፈተና ከላስታ የመጣ አንድ ሾፌር ቡናውን እስኪያፈስ ሳቀ።

ክራንቤሪስን ግን በሰዓቱ ነው የምከፍተው። የሊምሪክ ልጆች ናቸው። የዘፋኛቸው የዶሎሬስ ድምፅ መሃል ላይ ስንጥቅ ይላል፣ እንደ ለቅሶ ቤት አልቃሽ፤ በነሱም አገር ድሮ ሬሳ ላይ ሙሾ የሚያወርዱ ሴቶች ነበሩ። "ዞምቢ" የሚለውን የ1994 ዘፈን ለጭፈራ መስሎኝ ድምፁን ከፍ አደርገው ነበር። አንድ ቀን ከአጣዬ ተፈናቅላ የመጣች፣ ጎኔ ቆሎ የምትሸጥ ልጅ "ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?" አለችኝ። ልጄ አነበበልን፦ በ1993 እንግሊዝ አገር ዋሪንግተን ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሁለት ልጆች ሞቱ፣ አንዱ የሦስት ዓመት፣ አንዱ የአሥራ ሁለት። ቆሎዋን ሰፈረች፣ ምንም አላለችም። እሷ ባለችበት ዳግመኛ አልከፈትኩትም።

ሺኔድ ኦኮነርም አለች፤ የ1990ውን ዘፈኗን ፕሪንስ ነው የጻፈው፣ ግን ከእሷ በኋላ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቪዲዮው ላይ ራሷን ተላጭታ እንባዋ ሲወርድ ያዩ የሰፈር ሴቶች "ማን ሞቶባት ነው?" አሉ። እኛ ጋ ሴት የምትላጨው ለሐዘን ነዋ። በ2023 ሞተች፣ በ56 ዓመቷ። ፖግስ የአረቄ ቤት ዘፈን ነው፣ እኔ አረቄ አልሸጥም። ዳንኤል ኦዶኔልን ካንትሪ የሚወዱ ሾፌሮች ይጠይቁኛል፤ ለኔ ስኳር በዝቶበታል። ሆዚየር ፍላሹ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ከተቆረጡት።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ለስሞቹ፣ አንዷን ለተቆረጡት። ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄጄ ልጁ ሃያዎቹን ያለ ክፍያ ቀየረልኝ፣ መስተንግዶው ጥሩ ነው። እግረ መንገዴን ሮሪ ጋላገርን ጨምርልኝ አልኩት፣ የዚህን አይሪሽ ጊታር በስልክ ሰምቼ ወድጄው ነበር።

"ማዘር፣ እሱ ደግሞ የየት ነው?" አለኝ።

ደብተሩ ላይ ጻፍኩለት።