አያት ወይስ ለገጣፎ? ለቤተሰብ ቤት ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ግቢ ያለው ቤት የሚፈልግ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በአያትና በለገጣፎ መካከል ያመነታል። ሁለቱ ጎረቤት ሰፈሮች ቢሆኑም አያት በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ነው፤ ለገጣፎ ግን የኦሮሚያዋ ሸገር ከተማ አካል ነው። ደላሎች ስለ ሳሎኑ ስፋት ብዙ እያወሩ ይህን ጉዳይ ይዘሉታል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው።

ምክንያቱም የቤቱ ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫው፣ የሚጣራው በሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። ቤቱ በሻጩ ስም መመዝገቡን፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ይሁን ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ)፣ ሊዝ ከሆነም ያልተከፈለ ቀሪ መኖር አለመኖሩን እዚያው ጠይቁ። በ2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ሕገ ወጥ ተብለው ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤተሰቦች ጥሪታቸውን ያፈሰሱባቸውና ልጆች ያሳደጉባቸው ቤቶች ነበሩ። ስለዚህ ካርታ በሌለው፣ በመንደር ውል ብቻ በተሸጠ መሬት ላይ የተሠራ ቤት ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙ። ይህ ምክር ለአያትም ይሠራል። ውጭ አገር ሆነው በውክልና የሚገዙ ደግሞ ማጣራቱን ለደላላ ፈጽሞ አይተዉ።

ልጆች ላሉት ሁለተኛው ጥያቄ ትምህርት ነው። በለገጣፎ የሚሠራው የኦሮሚያ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም በዋናነት በአፋን ኦሮሞ ያስተምራሉ። ቋንቋውን ለሚናገር ቤተሰብ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በአማርኛ የጀመረ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ግን ይቸገራል። ወደ አያት ወይም ወደ ሲኤምሲ የግል ትምህርት ቤት የሚያመላልሱት ከሆነ የሰርቪሱን ወጪ በቤቱ ዋጋ ላይ ደምሩት።

በትራንስፖርት አያት ይበልጣል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ በመገናኛና በስታዲየም በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል፤ ታክሲና አውቶቡስም አለ። ለገጣፎ የሚኖር ሰው መኪና ከሌለው በየቀኑ ተጨማሪ ታክሲ ይይዛል። የደብረ ብርሃን መንገድም በዚያ ስለሚያልፍ የጭነት መኪና አይጠፋም።

በግቢ ስፋት ግን ለገጣፎን የሚስተካከለው የለም። በአያት ለጠባብ ቪላ የሚከፈለው ገንዘብ እዚያ ልጆች የሚሮጡበት፣ ጎመንና ቃሪያ የሚተከልበት ግቢ ሊያስገኝ ይችላል። ከታጠሩት የሪል እስቴት መንደሮች ውስጥ የራሳቸው የጉድጓድ ውኃና ጄኔሬተር ያላቸው አሉ፤ ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያውን ግን ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ። ከእነዚህ መንደሮች ውጭ ስለ ውኃ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ለአዲስ አበባ ውኃ የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብ ቅርብ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። በአያትም ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሌለውን ቤት ስትገምቱ የሮቶውን ዋጋ ቀንሱ።

ሁለቱም ወላጆች መሀል ከተማ የሚሠሩ፣ ልጆቻቸውም ትምህርት የጀመሩ ከሆነ አያትን እመርጥላቸዋለሁ፤ ቤቱ ቢጠብም በቀን የሚተርፈው ሰዓት ይክሳቸዋል። ጡረታ ለወጡ፣ ቤታቸው ሆነው ለሚሠሩ ወይም አፋን ኦሮሞ ለሚናገሩ ቤተሰቦች፣ ካርታው ከተጣራ፣ ለገጣፎ የተሻለ ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ቤቱን በእሑድ ከሰዓት ብቻ አይተው አይወስኑ። በሥራ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከበሩ ተነስተው እስከ መሥሪያ ቤታቸው ይሂዱ፤ ከተቻለም በክረምት ዝናብ ማግስት ተመልሰው ውስጥ ለውስጥ መንገዱንና የምድር ቤቱን ግድግዳ ይመልከቱ።