ዊክ፦ በአሜሪካ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ በተጠቃሚ ዓይን

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምትኖር፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ትንሽ ልጅ የምታሳድግ ወገናችን ሁሉ ዊክን በቅጡ ልታውቀው ይገባል እላለሁ። እኔም ልጄን ያሳደግሁት በዚሁ ድጋፍ ነው። ዊክ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙከራ የተጀመረ የፌዴራል ፕሮግራም ሲሆን ነፍሰ ጡሮችን፣ የወለዱ እናቶችንና አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ያገለግላል። የገቢ ጣሪያው መንግሥት ካወጣው የድህነት መስመር 185 በመቶ ነው፤ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ወይም ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጎማ) ያለው ቤተሰብ ግን በገቢ በኩል እንዳሟላ ይቆጠርለታል። ያልተወለደው ልጅም በቤተሰብ ቁጥር ስለሚገባ፣ ገቢያችን ያልፋል ብለው የተዉ ባልና ሚስት ሊያሟሉ ይችላሉ።

ምግቡ ከሚገዛበት የዊክ ካርድ ይልቅ እኔን የጠቀመኝ ምክሩ ነው። በቀጠሮው ልጁ ይመዘናል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ከጣቱ ጠብታ ደም ተወስዶ የደም ማነስ እንዳለበትና እንደሌለበት ይታያል፤ ከዚያም የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሚበላ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። የላም ወተት የሚያበዛ ልጅ ምግብ እንደሚቀንስና ለብረት እጥረት እንደሚጋለጥ ያስረዱኝ እዚያ ነው፤ ወተት ጠግቦ ከጠጣ በቂ ነው ለሚባልበት ቤት ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ማጥባት ለሚቸግራት እናትም ራሷ ልጅ ያጠባች አማካሪ ልትመደብላት ትችላለች። ጡት ብቻ የምታጠባ እናት ሰፋ ያለ ምግብ እያገኘች እስከ አንድ ዓመት ትቆያለች፤ የማታጠባዋ ግን በስድስት ወር ይቆምባታል።

ካርዱ ወተት፣ እንቁላል፣ ሴሪያል፣ የለውዝ ቅቤና ጥራጥሬ ያስገዛል። የአትክልትና ፍራፍሬው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2024 ለልጅ በወር 26 ዶላር፣ ለነፍሰ ጡር 47፣ ለምታጠባ እናት 52 ነበር፤ ምስሩ በካርዱ፣ ጎመኑና ቲማቲሙ በዚህ ገንዘብ ስለሚገዛ ለቤታችን ማዕድ ይስማማል።

የሚያማርረው ካሸሩ ጋ ሲደረስ ነው። ምግቡ በዓይነት፣ በመጠንና በማሸጊያ ስለተወሰነ፣ ሁለት ዓመት ላለፈው ልጅ ቅባቱ ያልተቀነሰ ወተት የያዘች እናት ሰልፉ ከኋላዋ ቆሞ ዕቃዋ ይመለስባታል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ደግሞም ያሳፍራል። ባርኮዱን አስቀድሞ በስልክ መተግበሪያ መፈተሽ በእጅጉ ይረዳል። በወሩ ያልተገዛው ምግብ ለሚቀጥለው ወር አለመተላለፉም በፈረቃ ለምትሠራ እናት ፍትሐዊ አይደለም። በፎርሙላ፣ ማለትም በጡት ወተት ምትክ ለሕፃናት በሚሰጠው ወተት፣ በኩል እያንዳንዱ ስቴት ከአንድ አምራች ጋር ስለሚዋዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በሚሺጋን ያለው የፎርሙላ አምራቹ የአቦት ፋብሪካ ሲዘጋ የዊክ ቤተሰቦች ይበልጥ ተጎድተዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን መብቱ እያላቸው የሚቀሩት ናቸው፤ በመንግሥት ግምት ከሚያሟሉት ውስጥ የሚጠቀሙት ከግማሽ ጥቂት ቢበልጡ ነው። የፕሮግራሙ ሕግ ዜግነትን በመስፈርትነት ባያስቀምጥም ፍርሃት ብዙዎችን ያስቀራል። ሌሎች ደግሞ ልጁ ዓመት ሞልቶት ፎርሙላ ሲቆም አብረው ያቆማሉ፤ ነገር ግን የደም ምርመራውም ምክሩም በጣም የሚያስፈልገው ልጁ ከቤተሰቡ ማዕድ መብላት በሚጀምርበት በዚያን ጊዜ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ መታወቂያ፣ የአድራሻና የገቢ ማስረጃም ይዛችሁ ሂዱ።