የፈረንሳይ ፊልም ዲስክ፦ ከፓሪስ ማስመጣት ወይስ የአሜሪካውን እትም በግማሽ ዋጋ?

ሰሞኑን ሦስተኛ ሰው ጠየቀኝ። «እነዚያን የምታወራላቸውን የፈረንሳይ ፊልሞች ከየት ነው የምገዛቸው?» ለሁለቱ በስልክ ሳስረዳ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ አሁን ግን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ወገንተኛ ነኝ። አሜሪካ የምትኖሩ ሰዎች ክራይቴሪየን የሚባለው የአሜሪካ ፊልም አሳታሚ የሚያወጣውን ዲስክ የቅናሽ ወቅት ጠብቃችሁ ግዙ። ከፈረንሳይ አታስመጡ። ርካሽ ኮፒማ ጭራሽ አትንኩ።

ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ኮሜዲ የያዘ የዲቪዲ ጥቅል ከፈረንሳይ አዘዝኩ። ዋጋው 12 ዩሮ፣ አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። ፖስታው 15 ዩሮ ሆኖ መጣ። የሳሎኑ ፕሌየር ዲስኩን ጎርሶ መልሶ ተፋው፤ ዲስኩም ማጫወቻውም በተሸጠበት አካባቢ ቁጥር (ሪጅን) ተቆልፏል፣ አሜሪካ ሪጅን 1፣ ፈረንሳይ ሪጅን 2 ነዋ። እሺ ብዬ ወደ ላፕቶፔ ዞርኩ። ኮምፒውተር ላይ ያለ የዲቪዲ ማጫወቻ ሪጅን የሚያስቀይረው 5 ጊዜ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ማታ ለራሴ ወደ 2፣ ጠዋት ለልጆቹ ካርቱን ወደ 1 እያልኩ ሳላስተውል አምስቱንም ጨረስኳት። 2 ላይ ተቆልፎ ቀረ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ አገላብጦ አየውና «ይሄ አይሆንም፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ለዚህች ቃል 20 ዶላር። በዩኤስቢ የሚሰካ ሌላ ማጫወቻ 28 ዶላር። እንግዲህ 27 ዩሮ ላይ 48 ዶላር ደምሩና የሦስት ኮሜዲ ዋጋ እዩልኝ።

ተከፍቶስ? ሰብታይትሉ ፈረንሳይኛ ብቻ፣ ያውም መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀው፣ በር ሲንኳኳ ሁሉ የሚጽፈው። እኔ ፈረንሳይኛ እንደ ነገሩ እሰማለሁ፣ ባለቤቴ ግን ከቦንዡር አታልፍም። ፊልሙን እያስቆምኩ ተረጎምኩላት። ተተርጉሞ የቀረበ ቀልድ ያደረ ሽሮ ነው። ሁሉም የፈረንሳይ ዲስክ እንዲህ ነው አልልም፣ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ያላቸውም አሉ፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ አጉልታችሁ አንብቡ። ሌላም ነገር አለ። የአውሮፓ ዲቪዲ በሰከንድ 25 ምስል ነው የሚያሳየው፣ ፊልም የሚቀረጸው ደግሞ በ24 ነው። ስለዚህ ትንሽ ይፈጥናል፤ 98 ደቂቃ የነበረው 94 ላይ ያልቃል። ብዙ ሰው አያስተውለውም። እኔ ካወቅኩ በኋላ ግን ድምፁ ሁሉ የቀጠነ ይመስለኛል።

አሁን ወደምወደው። የክራይቴሪየን ብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል ያለው ዲስክ) መደበኛ ዋጋው 39.95 ዶላር ነው። በዚህ ዋጋ የሚገዛ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት። ባርንስ ኤንድ ኖብል የሚባለው የአሜሪካ መጻሕፍት መደብር በየዓመቱ ሐምሌና ኅዳር አካባቢ በግማሽ ዋጋ ይሸጣቸዋል፣ ወደ 20 ዶላር ማለት ነው። ወርሃዊ ክፍያ ይሻለኛል የምትሉ ካላችሁ፣ የክራይቴሪየን የራሱ የኢንተርኔት ቻናል በወር 10.99፣ በዓመት 99.99 ዶላር ነው። ያ አምስት ዲስክ ይገዛል። ዲስኩ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ይቆያል፣ ቻናሉ ላይ ግን ለነገ ያስቀመጣችሁት ፊልም ወሩ ሲያልቅ ሊነሳ ይችላል።

በመጀመሪያው 20 ዶላር የማቲው ካሶቪትስን «ላ ኤን» ግዙ። የ1995 ፊልም ነው፣ የፓሪስ ዳርቻ ሰፈር ልጆች የአንድ ቀን ውሎ። በቀለም ተቀርጾ ነው በጥቁርና ነጭ የታተመው፣ በመጥፎ ኮፒ ስታዩት ጥላው ሁሉ ጭቃ ይሆናል። በሁለተኛው የዳርደን ወንድማማቾችን «ዱ ዡር ዩን ንዊ» (2014)። ሰዎቹ ቤልጂየማውያን ናቸው፣ ግን ፈረንሳይኛ ነውና አስገብቼዋለሁ። ማሪዮን ኮቲያር የምትጫወታት ሴት ከድባቴ ገና እያገገመች ነው። የሥራ ባልደረቦቿ የ1,000 ዩሮ ቦነሳቸውን ትተው እሷ ሥራዋ ላይ እንድትቆይ ድምፅ እንዲሰጡላት ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው እየሄደች ትለምናለች። ደወል ከመጫኗ በፊት ቆም ስትል ፊቷን እዩ። ያንን ፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው የምታዩት፣ ለዚህ ነው ግዙ የምለው።

የዚህ ምርጫዬ ድክመት ኮሜዲ ላይ ነው። ሕዝብ የሚወዳቸው ወፈፍ ያሉ ኮሜዲዎች ክራይቴሪየን ዝርዝር ውስጥ እምብዛም የሉም። «ለ ግራን ቤን» (2018)፣ ሕይወት የከዳቸው ጎልማሶች በአንድ የውሃ ዳንስ ቡድን ውስጥ የሚሰባሰቡበት፣ እኔ በኪራይ ነው ያየሁት። የአልበር ዱፖንቴል «አድዩ ሌ ኮን» (2020) በጠና የታመመች ፀጉር ሠሪ በ15 ዓመቷ የነጠቋትን ልጅ ስትፈልግ ያሳያል፤ በ2021 የፈረንሳይን የፊልም ሽልማት፣ ሴዛርን፣ ሰባት ወስዷል። እያለቀሳችሁ ትስቃላችሁ። ግን ለእነዚህ 20 ዶላር አልከፍልም። መጀመሪያ የቤተ መጻሕፍት ካርዳችሁ ካኖፒ የሚባለውን የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ የሚያስገባ መሆኑን ጠይቁ፣ ነፃ ነው። «ኤንቱሻብል»ን ስትፈልጉ ደግሞ የ2011ዱን፣ ኦማር ሲ ያለበትን ያዙ። ጓደኛዬ አሜሪካኖች እንደገና የሠሩትን፣ ኬቨን ሃርት ያለበትን ገዝቶ «ፈረንሳይኛው የት አለ?» ብሎ ደውሎልኛል።

አዲስ አበባ ላላችሁ ሒሳቡ ይገለበጣል። አፍሪካና አውሮፓ በብሉሬይ አንድ ዞን ናቸው፣ ቢ። አሜሪካ ኤ ነው። ይህን ሳላውቅ ለወንድሜ አራት ብሉሬይ በሰው ላክሁለት፣ አንዱም አልከፈተለትም። እናንተ ከፈረንሳይ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ብሉሬይ አስመጡ። ካልሆነም ፒያሳ ያለውን የፈረንሳይ ባህል ማዕከል፣ አሊያንስን፣ ጎራ በሉ።

ስለ ኮፒ ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ላይ በ8 ዶላር «አዲስ፣ የታሸገ» የሚል አንድ ዲቪዲ አገኘሁና እጄ አላርፍ አለ። ዲስኩን ገልብጬ ሳየው ሐምራዊ ነው። ፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ከሥር ብር ይመስላል፣ ሐምራዊ ካያችሁ ቤት የተቀዳ ፎርጅድ ነው፣ ሳታጫውቱ መልሱት። እኔ አጫወትኩት። ሰብታይትሉን ማሽን ተርጉሞታል። ፈረንሳይኛ ጠበቃንም አቮካዶንም አቮካ ነው የሚለው፣ እና የምትፋታዋ ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች ባሏን «ከእንግዲህ ከአቮካዶዬ ጋር ተነጋገር» አለችው። ልጥለው ስል ባለቤቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። እንግዳ ሲመጣ የምታሳየው እሱን ነው።