የበቆሎ ነቀዝን ለመከላከል የቱ ይረክሳል? ክኒን፣ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ወይስ የብረት ጎተራ

በቡሬና በወንበርማ፣ በሜጫና በደቡብ አቸፈር በቆሎ የሚያመርት ቤተሰብ በኅዳርና በታኅሣሥ ያስገባውን እህል እስከ ነሐሴ ለማድረስ ከሁሉ በላይ የሚሰጋው ነቀዝን ነው። ነቀዙን ፈርቶ በጥር በርካሽ የሸጠ ሰው ያንኑ በቆሎ በክረምት አስወድዶ ስለሚገዛ፣ የመከላከያው ዋጋ ሲሰላ ይህም ኪሳራ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

በቅድሚያ ወጪ የማያስፈልገውን እህል መለየት ያሻል። ጤፍና ዳጉሳ ቅንጣታቸው ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ በውስጣቸው ሊራባ አይችልም፤ ለእነርሱ ክኒን ወይም ልዩ ከረጢት መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው።

በገበያ በፍሬ የሚሸጠው ፎስቶክሲን የተባለው ክኒን ለአንድ ጊዜ ሲገዛ ከሁሉም ይረክሳል። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ግን የሚሠራው ታፍኖ ሲቆይ ነው። በተራ ማዳበሪያ ውስጥ ከተጨመረ በሽመናው ቀዳዳ ሾልኮ ስለሚወጣ፣ በፍሬው ውስጥ ተደብቆ የሚበላው እጭ ተርፎ ከሳምንታት በኋላ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል፤ ባለቤቱም ዳግመኛ ክኒን ይገዛል። የሾለከው ጋዝ የሚደርሰው ሰው ወደሚተኛበት ክፍል ሲሆን ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። እህልና ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ይህን ክኒን በነጻ ቢሰጡኝ እንኳ አልቀበልም።

ፒክስ የሚባለው ከረጢት ከውስጥ ሁለት የፕላስቲክ፣ ከውጭ አንድ የማዳበሪያ ሽፋን ያለው ሲሆን አንድ ኩንታል ያህል ይይዛል። ሽፋኖቹ በየተራ ጠብቀው ሲታሰሩ ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ራሱ ጨርሶ መብላቱን ያቆማል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ዋጋው ከተራው ማዳበሪያ ብዙ እጥፍ ቢሆንም፣ ካልተቀደደ ለሁለትና ለሦስት ምርት ዘመን ስለሚያገለግል ሒሳቡ ለዚያው ያህል ዓመት መካፈል አለበት። ከመግዛቴ በፊት የውስጥ ከረጢቶቹን አውጥቼ በአየር እሞላቸዋለሁ፤ አፋቸውን ጠምዝዤ ወደ ጉንጬ አስጠግቼ ስጨምቃቸው የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብትኖር ትንፋሹ ይሰማኛል።

በመጀመሪያው ዓመት በሚገባ ያልደረቀ በቆሎ አስሬ በመጋቢት ስፈታው ሻግቶ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ ከብቶቹ ሊበሉት አይገባምና ሙሉውን ኩንታል ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ፍሬ ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ለጥቂት ደቂቃ ሳልወዘውዝ አላስርም፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ወደ ፀሐይ ይመለሳል።

የብረት ጎተራ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፣ አይጥም አይበሳውም፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚጠይቀው ገንዘብ ከባድ በመሆኑ ሁለትና ሦስት ኩንታል ብቻ ለሚያስቀምጥ ቤት አያዋጣም።

ከረጢቱን የሚያጠፋው አይጥ ነው። በቆጥ ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ፤ ለአይጡም ከመርዝ ይልቅ ድመት ትመረጣለች፤ መርዝ የበላ አይጥ ድመቷንም ሊገድል ይችላልና ሁለቱን በአንድ ቤት ማድረግ አይገባም።

ለአንድ ከረጢት ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው የክረምቱን ቀለብ በእርሱ ውስጥ አስሮ እስከ ሰኔ ሳይነካው ይቆይ፤ ከዚያ በፊት የሚበላውን ደግሞ በተራ ማዳበሪያ አድርጎ አስቀድሞ ይጨርስ።