ክሮን፣ አናክሮን ወይስ የሲስተምዲ ታይመር? ለሌሊት ባክአፕ የሚሻለው

ሌሊት ባክአፕ የሚወስድ የሼል ስክሪፕት (ተርሚናል ላይ የሚጻፉ ትዕዛዞችን የያዘ ፋይል) በሊኑክስ ላይ በሰዓቱ የሚያስነሱ ሦስት መንገዶች አሉ። ሦስቱም ነፃ ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማሽኑ በርቶ ያድራል ወይ የሚለው ነው።

በርቶ የሚያድር ሰርቨር ከሆነ ክሮን (cron) ይበቃል። ዕድሜው ከ1970ዎቹ ይጀምራል፤ ሲስተምዲ (systemd፣ በብዙ ሊኑክሶች ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳና የሚያስተዳድር ፕሮግራም) በሌለባቸው ሲስተሞች፣ በፍሪቢኤስዲና በአልፓይንም ይሠራል። የሚፈልገው አንድ መስመር ነው፦ «0 2 * * *»፣ ቀጥሎ የስክሪፕቱ ሙሉ አድራሻ። ተራው ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን ነው። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጠር 2 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (UTC፣ ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከተሞላ ግን ለአዲስ አበባ 8 ሰዓት የሚጻፈው 23 ነው፤ የሳምንቱን ቀን ከወሰኑም አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመልሱ።

ተርሚናል ላይ ደህና የሠራ ስክሪፕት በክሮን እምቢ የሚለው በአብዛኛው ክሮን የሼልዎን ቅንብር ስለማያነብ ነው። ፓዙ (PATH፣ ትዕዛዞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) አጭር ነው፤ ስለዚህ ትዕዛዞችን በሙሉ አድራሻቸው ይጥሩ። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ባሽን (bash፣ የተለመደውን ሼል) ካልጠራ ደግሞ ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ የሚያነበው ዳሽ (dash) የሚባል ቀለል ያለ ሼል ነው፤ የባሽ አሬይ (ብዙ እሴት የሚይዝ ዝርዝር) ያለበት ስክሪፕት እዚያ ይወድቃል። ሌላው ወጥመድ % ነው። ክሮን መስመር መስበሪያ ስለሚያደርገው፣ በፋይሉ ስም ላይ ቀን መጨመር የሚፈልግ ሰው \% ይጻፍ፣ ወይም ቀኑን ስክሪፕቱ ውስጥ ያስገባ።

ክሮን ውጤቱን በኢሜይል ይልካል። ማሽኑ ላይ ኢሜይል ላኪ ፕሮግራም ካልተጫነ ስህተቱ ማንም ዘንድ አይደርስም፤ በ«>>» ወደ ሎግ ፋይል ይምሩት፣ መጨረሻው ላይም «2>&1» ይጨምሩ። ያለፈው ዙር ሳያልቅ ሁለተኛው እንዳይጀምርም ትዕዛዙን በፍሎክ (flock፣ በቁልፍ ፋይል ድርብ ሩጫን የሚከለክል ትዕዛዝ) ያስጀምሩት።

አናክሮን ለላፕቶፕ ነው። በቀን እንጂ በሰዓት አይቆጥርም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ያመለጠውን ሲበራ ይሠራል። በየሰዓቱ ለሚደገም ሥራ አይሆንም።

መብራት እየጠፋ ለሚመጣበት ቢሮ የእኛ ምርጫ የሲስተምዲ ታይመር ነው። ሁለት ፋይል መጻፉ ያሰለቻል (አንዱ ምን እንደሚሠራ፣ ሌላው መቼ እንደሚሠራ)፣ ግን ድካሙን ይክሳል። «ፐርሲስተንት» (Persistent) የሚለውን መስመር ካበሩ፣ 8 ሰዓት ላይ ጠፍቶ የነበረ ማሽን ንጋት ላይ ሲነሳ ያመለጠውን ባክአፕ ይወስዳል። ውጤቱ ጆርናል (የሲስተምዲ ሎግ) ውስጥ ይቀመጣል። እየሠራ ያለን ሥራ ደግሞ አይጀምርም፣ ፍሎክ አያስፈልግም። ሥራው የሚነሳበት ጊዜ በሚጻፍበት «ኦንካሌንደር» (OnCalendar) መስመር ላይ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል መጻፍ ስለሚቻል ከ23ቱ ስሌትም ያድናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰርቪሱን (ምን እንደሚሠራ የሚናገረውን ፋይል) ኢኔብል አድርጎ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ እንዲነሳ አዝዞ፣ ታይመሩን ሲረሳ ነው፤ ኢኔብል ተደርጎ መጀመር ያለበት ታይመሩ ነው። በራስዎ ተጠቃሚ ስም ካስገቡት ደግሞ «ሊንገር» (linger፣ ተጠቃሚው ከወጣም በኋላ ሥራዎቹ እንዲቀጥሉ የሚያደርግ ቅንብር) ካልበራ ከሰርቨሩ ሲወጡ ታይመሩም ይቆማል። ከክሮን ወደ ታይመር ሲዛወሩ የድሮውን መስመር ያጥፉ፤ አለበለዚያ ሁለት ባክአፕ በአንድ ሰዓት ተነስተው አንዱ በሌላው ፋይል ላይ ይጽፋል።