የኮሪያ፣ የጃፓን፣ የታይላንድ ወይስ የህንድ? የቱን ካሪ ልግዛ?

ቨርጂኒያ ውስጥ አናንዴል አካባቢ ካሉት የኮሪያ ሱቆች ገብታችሁ የካሪ (በቅመም የሚሠራ ወጥ ማጣፈጫ) መደርደሪያ ፊት ቆማችሁ ከሆነ ግራ መጋባቱን ታውቁታላችሁ። ማሸጊያው ሁሉ ድንች፣ ካሮትና ሩዝ ነው። ውስጡ ግን ለየቅል ነው።

ከኮሪያው ልጀምር፣ እኔ ቤት የማይጠፋው እሱ ስለሆነ። ካሪ ኮሪያ የገባው በጃፓን በኩል፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ነው። የየቤቱ ምግብ ያደረገው ግን ኦቶጊ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ሥራውን በ1969 የጀመረው በካሪ ዱቄት ነበር። ዱቄቱ እርድ ስለሚበዛበት ወጡ ልክ እንደ አልጫ ቢጫ ይሆናል። 100 ግራሙ ፓኬት ለ4 ሰው ይበቃል። የማያቃጥል፣ መካከለኛና የሚያቃጥል አለው፣ በርበሬ ለለመደ ሰው ግን የሚያቃጥለውም ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይሄ ዱቄት ቅመም ብቻ አይደለም፣ የስንዴ ዱቄትና ቅባት አለበት። እኔ የመጀመሪያ ቀን እንደ በርበሬ ቁሌቱ ላይ በተን አድርጌ ሳማስለው ጓጉሎ ድስቱ ሥር ተጣበቀ፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት ደፋሁት። ትክክለኛው አሠራር ሌላ ነው፦ ሥጋውን፣ ሽንኩርቱን፣ ድንቹንና ካሮቱን ጠበስ ጠበስ አድርጋችሁ በውሃ ታበስላላችሁ፣ ዱቄቱን ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ መጨረሻ ላይ ትጨምሩና ወፈር እስኪል ታማስላላችሁ። አጠገቡ ኪምቺ፣ ማለትም በበርበሬ የኮመጠጠው የኮሪያ ጎመን፣ ካለ ደግሞ ሌላ ነው! ኮምጣጣው ቅባቱን ይቆርጠዋል።

የጃፓኑ የቅርብ ዘመዱ ነው። ግን እንደ ቸኮሌት እየተቆረሰ የሚገባ ጠጣር ነገር ነው፤ ቀለሙ ቡናማ፣ መረቁ ወፍራም፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ያደላበታል። ከ1963 ጀምሮ የሚሸጠው ቬርሞንት ካሪ ጭራሽ ፖምና ማር አለው። ልጆች ይወዱታል፣ እኔ ግን ከሁለተኛው ጭልፋ በኋላ ይሰለቸኛል።

የታይላንዱ ከሁለቱም አይገናኝም። እንደ ድልህ ያለ ለንቋሳ ነው፦ ቃሪያ ወይም ሚጥሚጣ የመሰለ በርበሬ፣ ጠጅ ሳር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ብዙ ጊዜም የሽሪምፕ ድልህ አንድ ላይ የተወቀጠበት። በኮኮናት ወተት ይቁላላል። መረቁ ቀጭን፣ ሽታው ደማቅ ነው። የሚያቃጥል የሚፈልግ አረንጓዴውን ይግዛ። ለስለስ ያለ የሚሻ፣ ድንችና ኦቾሎኒ የሚገባበትን ማሳማን።

ለእኛ እጅ የሚቀርበው የህንዱ ነው። ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ተቁላልቶ ከሙኑና ድምብላሉ የሚገባበት፣ ዱቄት የማያወፍረው። ቁሌት የሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር መማር የለበትም።

በጾም የምትገዙ ከሆነ የህንዱን ንጹህ ቅመም ውሰዱ። የኮሪያውና የጃፓኑ ውስጥ ወተት ወይም የእንስሳት ስብ ሊኖር ስለሚችል ጀርባውን ሳያነቡ ቅርጫት ውስጥ መክተት አይሆንም።

ምግብ ለማብሰል ጊዜ ለሌለው ኦቶጊ በ1981 ያወጣው የ3 ደቂቃ ካሪ አለ፣ ከነማሸጊያው የፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል። ለሥራ ቀን ምሳ አይከፋም። እንግዳ ሲመጣ ግን ዱቄቱ ይሻላል፣ ድንቹን በፈለጋችሁት መጠን ትከትፉታላችሁ። መጀመሪያ መካከለኛውን 100 ግራም ሞክሩ፣ ትልቁን ኪሎ ቤተሰቡ ከወደደው በኋላ ትገዙታላችሁ።